የሞራል ኮሚቴ ሰብሳቢዋ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ዛሬ ሹመት ተሰጠኝ። የመምህራን ሞራል ማነቃቂያ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ኮሚቴው እስካሁን እኔ ብቻ ነኝ።

ዳይሬክተሩ ከትምህርት በኋላ ሁላችንንም ሰበሰበና የማረፊያ ክፍሉን በእጁ እያሳየ፣ «ይሄ የመምህራን ክፍል ነው ወይስ የክሊኒክ ወረፋ መጠበቂያ?» አለ። እውነቱን ነው። በስክሪን ማስተማር ቀርቶ ተማሪዎቹ ከተመለሱ ሳምንታት አልፈዋል፤ እኛ ግን ገና አልተመለስንም። እያንዳንዱ ምሳውን ግድግዳ እያየ ይበላል። ሰላምታ በአገጭ ሆኗል። የስፖርት መምህሩ እንኳ፣ ድሮ ካላሳቀን ቀኑ የማይመሽለት ሰውዬ፣ ጆሮው ላይ የሰካውን ማዳመጫ ሳይነቅል ገብቶ ሳይነቅል ይወጣል።

«የቡድን መንፈስ ያስፈልገናል» አለ ዳይሬክተሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ብትይዢው ጥሩ ነው። አንቺንም ትንሽ ያነቃቃሻል።»

ያነቃቃሻል! እንቢ ልል አፌን ስከፍት ከኋላ፣ «ትችላለች! ከእሷ የተሻለ ማንም የለም!» የሚል ድምፅ መጣ። ደወል ናት።

ደወል የሚለውን ቅጽል ያወጣሁላት እኔው ነኝ፤ አሁን ትምህርት ቤቱ ሁሉ በእሱ ይጠራታል። እሷ ሒሳብ ስታስተምር መልሱን የሚሰሙት ከጎን ያሉት ክፍሎችም ጭምር ናቸው። ለዓመታት አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠናል፤ ቀይ እስክሪብቶ እንኳ ለሁለታችን አንድ ይበቃን ነበር። አሁን የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ እሷ ናት። ቦታው የእኔ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። እናቴ ካለፈች በኋላ ትንሽ ደክሞኝ ነበር። በዚያ ሰሞን በስክሪን የተደረገ የመምህራን ስብሰባ ላይ ካሜራዬን አጥፍቼ ገባሁ። ዳይሬክተሩ ስለ እኔ ጠየቀ። ደወል መኖሬን አላወቀችም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚያ ድምፅዋ፣ «እሷን አሁን ተዉአት፣ አትችልም» አለች። አትችልም! ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም፤ ላፕቶፑን ዘግቼ ትራስ ሥር ከተትኩት። በሳምንቱ ኃላፊነቱ ለእሷ መሰጠቱ ተነገረኝ።

ዛሬ ደግሞ «ትችላለች» ሆነ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል።

«እሺ፣ እይዘዋለሁ» አልኩ። ሁሉም አጨበጨበ። ደወል ከሁሉም በላይ። አጨብጭቢ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ፣ በእረፍት ሰዓት

ቸኩያለሁ። የኮሚቴው የመጀመሪያ ሥራ ጠረጴዛ ማቀያየር። ምክንያቱ፦ «ሰው ከለመደው ጥግ ሲወጣ አዲስ ወዳጅ ያገኛል።» ዳይሬክተሩ ወደደው። በዕጣ ነው አልኩ። ዕጣውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ደወል የመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ደረሳት። ጎረቤቷ ሰባኪው፣ ማለት የታሪክ መምህሩ፣ «እንዴት ዋልክ» ቢሉት ከጥንት ጀምሮ የሚመልስ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ክፍል አለኝ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ጉድ ነው። መጸዳጃ ቤት የማይሄድ ሰው የለም፤ ስለዚህ ደወል ጋ የማይደርስ ሰው ጠፋ። ሲሄዱ «እንዴት ነሽ»፣ ሲመለሱ ቆሞ ወሬ። የስፖርት መምህሩ ከጆሮው ነቅሎ ታየ። ዛሬ ከሰዓት እዚያ በር ሥር ተኮልኩለው ሲስቁ ነበር። ሰባኪው አጭር ቀልድ ተናገረ። አጭር! እኔ የመስኮቱን ጥግ ለራሴ ወስጄ ፀሐይ እየሞቅኩ ብቻዬን ደብተር አረምኩ።

ዳይሬክተሩ ሲያልፍ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ሐሳብሽ ሠርቷል» አለኝ። ደሜ ፈላ፤ ፈገግ አልኩ።

ቤት ስገባ ለእህቴ ነገርኳት። ታናሼ ናት፣ ፋርማሲ ትሠራለች፤ ከእናታችን ሞት ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው።

«አንቺ ስለ እሷ የምታወሪውን ሩቡን ስለ ወንድ ብታወሪ ኖሮ ይሄኔ ሦስት ወልደሽ ነበር» አለችኝ። «ለምን እንዲህ አልሽ ብለሽ ጠይቂያትና ይውጣልሽ በቃ።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አልኳት።

«ማን ወጋሽ? ያኔ እኮ ከአልጋ አልወረድሽም። ፀጉርሽን የማበጥርልሽ እኔ ነበርኩ።»

ደክሞኝ ነበር አልኩ እኮ። ሰው አይደክመውም?

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

አንድ ነገር ሰማሁ።

የጠመኔ ካርቶን ይዤ ከላይ ስወርድ ደወል ከቤተ ሙከራው ደረጃ ሥር ተጠግታ ከባሏ ጋር በስልክ ታወራለች። እሷ ስታንሾካሹክ ሰምቼ ስለማላውቅ ነው ቆሜ የቀረሁት።

«ሐኪሙ በግልጽ ነው የነገረኝ» ትላለች። «ጉሮሮዬ ውስጥ ያበጠ ነገር አለ። መጮህ ካላቆምኩ ድምፄ ጨርሶ ሊሄድ ይችላል አለኝ … አይ፣ ለማንም አልናገርም። ካወቁ ከክፍል አውጥተው መጻሕፍት ቤት ነው የሚወረውሩኝ። ሳላስተምር ምን ልሆን ነው? … ቀስ እያልኩ እይዘዋለሁ፣ አታስብ።»

በሌላው ደረጃ ዞሬ ወረድኩ። ነገሩ ለካ ሲታየኝ ከርሟል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ፔርሙዝ ይዛ ነው የምትገባው። ልጆች ሲንጫጩ በመጮህ ፈንታ ሰሌዳውን በዳስተር ትመታለች። ሌላ ማንም ልብ አላለውም። ያን ያህል ዓመት ፊቷን ያየሁት እኔ ነኝ።

አላዘንኩም ብል ውሸት ነው። አዘንኩ። ደረጃውን ወርጄ እስክጨርስ ድረስ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ ማታ

ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝ። «ለደወል ኃላፊነቱን የሰጠኋት ለጊዜው ነው። ኅዳር ላይ አጸድቃለሁ። ሁለታችሁንም እያየሁ ነው» አለኝ። ቦታዬ አልሞተም ማለት ነው። እስካሁን ሞቷል ብዬ ነበር።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ስብሰባው ገባን፤ እኔም ከዓርብ ጀምሮ በልቤ ሳበስለው የቆየሁትን አወጣሁ። የመምህራን ቀን። አንድ ቅዳሜ፣ ሜዳ ላይ፣ ከጠዋት ጀምሮ እስከ ማታ፤ ገመድ ጉተታ፣ ጥያቄና መልስ፣ በመጨረሻ የስም ጥሪ ውድድር። ስም ጥሪው እንዲህ ነው፤ አንዱ መምህር ሌላውን አስመስሎ የተማሪ ስም ይጠራል፣ የቀረው ማን እንደሆነ ይገምታል። ገና ስናገረው የስፖርት መምህሩ ሰባኪውን አስመስሎ ጀመረ፤ ሰባኪው ራሱ ሳቀ።

«አንድ ሕግ አለ» አልኩ። «ማይክ የለም! ዓመት ሙሉ ‹ይሰማል? ይሰማል?› ስንል ከርመናል። በዚያን ቀን ሰው በገዛ ድምፁ ይናገር!»

ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ጠረጴዛ ተደበደበ። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም።

«ታዲያ ሜዳውን ሁሉ የሚያዳርስ ድምፅ ያለው ማነው?» ብዬ ዙሪያውን አየሁ። ስሟን አልጠራሁም። መጥራትም አላስፈለገኝም፤ ሁሉም በአንድ አፍ «ደወል!» አሉ። ከአሁን ጀምሮ በየሳምንቱ ልምምዱንም እሷ ትመራለች አልኩ።

አየኋት። እጇ ወደ ጉሮሮዋ ሄደና ቶሎ ወረደ። «እሺ» አለች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ማንም ምንም ሊለኝ አይችልም። ሥራዬን ሠራሁ፤ ሞራል አነቃቃሁ። ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት ይላሉ። እኔ ዛሬ አልጸለይኩም፣ ነገም አልጸልይም። ዝም ትበል። በሰው ፊት «አትችልም» ያለው አፍ፣ እስኪ እሱም በሰው ፊት ያቅተው።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ፣ በክፍለ ጊዜ መሀል

ልምምድ ሁለተኛው። ደወል «ቡድን አንድ!» ስትል ድምፅዋ መሀል ላይ ተሰነጠቀ። ሁሉም ሳቀ፤ እሷም። «ጎረምሳ ሆንኩ» አለች። ማንም አልጠረጠረም።

ሲያልቅ ወደ እኔ መጥታ፣ «እንዲህ ስትሯሯጪ ሳይሽ ደስ ይለኛል» አለችኝ። እንደ ሕፃን! ቆሞ መሄድ እንደ ጀመረ ሕፃን!

ሌላ። ልጆቼ ፈተናውን ሠርተውታል፣ ከእሷ ክፍሎች ምንም አላነሱም። እኔ በደከመኝ ጊዜ የተቀዳ ቪዲዮ እየተላከላቸው ብቻ ተምረው! ይኸው፣ «አትችልም» የተባለችው መምህር ልጆች።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

እህቴ ከሥራ ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ያቺ ጓደኛሽ ፋርማሲ መጥታ ነበር» አለች።

«ጓደኛዬ አይደለችም።»

«እሺ፣ ጠላትሽ። ስለ አንቺ ስትጠይቀኝ ቆየች። እንቅልፍ ትተኛለች ወይ፣ ትበላለች ወይ አለችኝ። ድምፅዋን ግን ሰምተሽዋል? እንዲህ ሆና ማስተማር የለባትም። አንድ ሰው ዝም በይ ይበላት።»

«አላስተዋልኩም» አልኩ።

እህቴ አየችኝ። ስታየኝ እናቴን ትመስላለች፤ አልወድላትም።

ቅዳሜ ደረሰ። ማይኩ የስፖርት መምህሩ ዕቃ ቤት ነው ያለው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንሳትም እችላለሁ፣ አንድ ቃል ነው። ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ከዚያ እራት ሳቀርብ «አትችልም» ጆሮዬ ላይ መጣ፤ እንዳለችው፣ በዚያው ድምፅ። አልነግረውም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ ማታ

ሁሉም እንዳቀድኩት ሆነ።

ነፋስ ነበር። ጠዋት ላይ ድምፅዋ እስከ አጥሩ ይደርስ ነበር። የገመድ ጉተታውን «ሳብ! ሳብ!» የምትል እሷ። ጥያቄውን የምታነብ እሷ። ነጥብ የምትናገር እሷ። በየመሀሉ ከፔርሙዙ ትጎነጫለች። ከምሳ በኋላ ድምፅዋ ቀጠነ፣ ከዚያ ሻከረ። እኔ ወንበሮቹ መጨረሻ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌላው ይስቅ ነበር።

ስም ጥሪው ሲደርስ ሰው መሬት ላይ ወደቀ። ሰባኪው ዳይሬክተሩን አስመሰለ፤ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ስም በጠራ ቁጥር ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ እየጠረገ። ዳይሬክተሩ እንባውን ጠረገ። ዓመት ሙሉ የተኮራረፉ ሁለት የቋንቋ መምህራን ተደጋግፈው ሳቁ። አንዱ እኔን አስመሰለ፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «የቤት ሥራ ያልሠራ ራሱን ያውቃል!» አለ። ከመቅጽበት አወቁኝ። ሳቅሁ። የመጣሁበትን ጉዳይ ለጥቂት ጊዜ ረስቼው ነበር፤ ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት ብዬ ደስ አለኝ።

በመጨረሻ ደወል አሸናፊውን ልትናገር መሀል ገባች። ሁሉም ጸጥ አለ። አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

«ማይክሽ ተዘግቷል!» ብሎ የስፖርት መምህሩ ጮኸ።

ያን የስክሪን ዓመት ሙሉ በየቀኑ የሰማናት ቃል ናትና ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። «ማይክሽ ተዘግቷል! አይሰማም! ክፈቺው!» ይላሉ ሁሉም፣ እያጨበጨቡ። ደወልም ፈገግ ብላ እንደገና ሞከረች። አንገቷ ላይ ያሉት ሥሮች ተገተሩ። እንደገና ሞከረች። ሳቁ ከፊት ካሉት ጀምሮ ቀስ በቀስ ቆመ። የኋለኞቹ ዘግይተው ገባቸው።

እኔ አልሳቅሁም። አልተነሳሁምም።

ከሰው ሁሉ መሀል ዓይኗ እኔን ፈለገ። ተቆጥታ አይደለም። ክፍል ውስጥ ሳለች ድንገት ያመማት መምህር ለባልደረባዋ እስኪ አንቺ ጨርሺልኝ እንደምትል ሆና ነው ያየችኝ። ያኔ ተነሳሁ። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩና አሸናፊው ቡድን ሁለት መሆኑን ተናገርኩ። ድምፄ እስከ አጥሩ ደረሰ።

ይኸው። ተከፈለኝ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ደወል አልመጣችም። ለወራት አፍ መክፈት ክልክል ነው፤ ከዚያ በኋላም ክፍል መግባቷ አጠራጣሪ ነው ተባለ። ማረፊያ ክፍሉ ግን እንደ ክሊኒክ አልሆነም። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ያወራል፣ ማን ይጠይቃት፣ ማን ክፍሏን ይሸፍን ይላል። የቡድን መንፈስ መጣ።

ዳይሬክተሩ በሁሉም ፊት ኃላፊነቱን መለሰልኝ። «ይሄን ትምህርት ቤት ያነቃች እሷ ናት» አለ። አጨበጨቡልኝ።

ከዚያ ቢሮው ውስጥ ለብቻዬ፣ «ሐኪሙ ድምፅዋ የተጎዳው ባለፈው ዓመት ነው ብሏል። በቀን ከልክ በላይ ታስተምር ነበር» አለኝ፣ የሚያውቀው ነገር እንዳለው ሰው እያየኝ። ከልክ በላይ? እሷም እንደ እኔ ያሏት ሦስት ክፍሎች ናቸው። ያጋነነው መሰለኝ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ዛሬ በራሴ ክፍል፣ የቀመሩን አወጣጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ፣ «ይሄን እኮ አምና በቪዲዮ አይታችሁታል» አልኩ።

የክፍሉ አለቃ፣ አንደበተ ርቱዕ ልጅ ናት፣ «የምን ቪዲዮ ቲቸር?» አለች።

«እኔ በሌለሁ ጊዜ የተላከላችሁ።»

ልጆቹ ተያዩ። «ቲቸር፣ ቪዲዮ አልነበረም» አለች። «ደወል ናት ያስተማረችን። የራሷን ክፍሎች ስትጨርስ ወደ እኛ ትመጣ ነበር፣ ሦስቱም ክፍሎች ጋ። ማታ ደግሞ ኢንተርኔት ለሌላቸው በስልክ ታስረዳለች። ድምፅዋ ሲዘጋባት ውሃ ጠጥታ ትመለሳለች።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አትንገሯት አለችን። ‹ክፍሉ የእሷ ነው፣ እኔ ቦታ ልጠብቅላት ነው፤ ስትመለስ ሌላ ሰው ተተክቶ እንዳታገኝ› አለችን።»

ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቀመሩን ጻፍኩ። ተሳስቼ ጻፍኩት፤ ማንም አላረመኝም።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እውነቴን ነው የምጽፈው። ለምን አልነገረችኝም? ማን ለምኗት? እንዲህ ከሆነ እኔ ምን ይዤ ነው የከረምኩት? ቂሜን እንኳ ነጠቀችኝ። እህቴን፣ «ታውቂ ነበር?» አልኳት። «አላውቅም ነበር» አለች፤ ቀጥላ ግን፣ «በየሳምንቱ እየደወለች ‹ተነሳች?› ትለኝ ነበር። አንቺ ‹ስሟን እንዳትጠሪብኝ› ስላልሽ ነው ያልነገርኩሽ» አለች።

እራት አልበላሁም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ሄድኩ።

መንገድ ላይ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። «ሐኪሙ ያለሽን ደረጃው ሥር ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው ማይኩን ያስቀረሁት።» እስከ በሩ ድረስ በልቤ ስለው መጣሁ።

ባሏ ከፈተልኝ። «አንቺ ነሽ? ግቢ፣ ግቢ። ስትጠብቅሽ ነበር» አለ። «ማንሾካሾክም ተከልክላለች። አንቺ አውሪያት፣ እሷ ትሰማለች» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

ሶፋው ላይ ጋቢ ለብሳ ተቀምጣለች። ስታየኝ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከእሷ ጋር ተቀምጬ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን የማረፊያ ክፍሉ ወሬ ነው። ሰባኪው ባዶው ጠረጴዛሽ ላይ ማንንም አላስቀምጥም ማለቱን፤ የስፖርት መምህሩ በዚያ ቀን ስለጮኸው ሁለት ቀን ሙሉ ፊቱን ደብቆ መሄዱን፤ ሁለቱ የቋንቋ መምህራን አብረው ምሳ መብላት መጀመራቸውን። ትከሻዋ እየተነቀነቀ ሳቀች፣ ያለ ድምፅ። ከዚያ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተችና ቅንድቧን አነሳች። ገባኝ። ኃላፊነቱስ? ማለቷ ነው።

«ለእኔ ሰጡኝ» አልኩ።

ተጠመጠመችብኝ። አጥብቃ ያዘችኝ። በአንገቴ ላይ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ የሆነ ነገር ትለኛለች፣ አየር ብቻ ነው የሚወጣው። ለቃኝ ፊቴን ስታየኝ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ የደስታ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ ዓመታት ፊቷን አይቻለሁ። የተዘጋጀሁበትን ቃል ፈለግሁት። ምላሴ ላይ ነበር። አልወጣም።

ተነሳሁ። ባሏ በር ድረስ ሸኘኝ።

«ከታመመች ወዲህ የሳቀችው ገና ዛሬ ነው» አለኝ። «ነገም ነይላት፣ አደራ።»

«እሺ» አልኩት።